ዋግ የመታው ፊልም

ሳይንስ በሚወዱ ወጣቶች መሃል «እኔ ኢንተርስቴላርን አልወደድኩትም» ማለት፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ከብቦ በተቀመጠበት «ሽታው ያስጠላኛል» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ በሐዘኔታ «ምናልባት ሳይገባህ ቀርቶ ይሆናል» ይላል። ገብቶኛል። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሦስተኛውን እንዲያውም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው ያየሁት። ደግሜ ባየሁት ቁጥር የሚያናድደኝ ነገር ደግሞ ከብላክ ሆሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የሚያናድደኝ በቆሎው ነው።

ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ መጨረሻውን መናገሬ ስለማይቀር አይታችሁ ተመለሱ። ላያችሁት ለማስታወስ ያህል፦ ክሪስቶፈር ኖላን ያዘጋጀው «ኢንተርስቴላር» እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ለእይታ በቃ። ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ በአንድ የገጠር ቤት ነው። የሰብል በሽታ ዓለምን እየጨረሰ ነው። ስንዴ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፣ ባሚያም ዘንድሮ የመጨረሻው ነው፣ የቀረው በቆሎ ብቻ ነው። አቧራ ሰማዩን ይጋርዳል። ኩፐር የሚባል የቀድሞ አብራሪ፣ አሁን ሳይወድ በግዱ ገበሬ የሆነ ሰው፣ ልጆቹን ትቶ በሳተርን አቅራቢያ በተከፈተ የጠፈር መሹለኪያ በኩል ለሰው ዘር አዲስ መኖሪያ ፍለጋ ይሄዳል። ሴቷ ልጁ መርፍ አድጋ የፊዚክስ ሊቅ ትሆናለች። ወንዱ ልጁ ቶም ያርሳል። ወደ ቶም እመለሳለሁ።

የሚመሰገነውን ቶሎ ላመስግን። የፊልሙ የሳይንስ አማካሪ ኪፕ ቶርን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የስበት ሞገድን በማግኘት ሥራ የፊዚክስ ኖቤልን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ። «ጋርጋንቹዋ» የተባለው ብላክ ሆል በሠዓሊ ምናብ የተሣለ አይደለም። ቶርን ብርሃን በብላክ ሆል ዙሪያ እንዴት እንደሚጎብጥ የሚገልጹትን እኩልዮሾች ለምስል ባለሙያዎቹ ሰጣቸው፣ እነሱም ለኮምፒውተር ሰጡት፤ አንዳንዷን ነጠላ ምስል ሠርቶ ለመጨረስ እስከ 100 ሰዓት ፈጅቷል። ከሥራው የተገኘው ውጤት በ2015 በሳይንስ ጆርናል ላይ ታትሟል። በኤፕሪል 2019 የመጀመሪያው እውነተኛ የብላክ ሆል ምስል ይፋ ሲሆን ያን የብርሃን ቀለበት አይታችሁ «እንዴ፣ ይሄንን አውቀዋለሁ!» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። በውሃማው ፕላኔት ላይ አንድ ሰዓት ሰባት ዓመት የሚሆንበት ነገርም ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ ብላክ ሆሉ እጅግ በፍጥነት ከዞረ ሊሆን እንደሚችል ቶርን አስልቶታል። ሙዚቃውስ? የሃንስ ዚመርን ኦርጋን ማን ይጠላል። እዚህ ድረስ እጅ ነስቼ ነው የማወራው።

ታዲያ ችግሬ ምንድን ነው? ቶርን ከመነሻው ያስቀመጠው መመሪያ ነበር፦ የተረጋገጠ የተፈጥሮ ሕግን የሚጥስ ነገር ፊልሙ ውስጥ አይገባም፤ ግምት ከኖረም ከሳይንስ የተነሣ ግምት ይሁን። ይህ መለኪያ የእኔ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። እኔ ያደረግሁት መለኪያውን ከሰማይ አውርጄ ማሳው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ፕሮፌሰር ብራንድ ለኩፐር በሽታውን የሚያስረዱበትን ትዕይንት አስታውሱት። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ ከአየራችን ውስጥ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ እኛ አንተነፍሰውም፣ በሽታው ግን ይተነፍሰዋል፤ እሱ እየተስፋፋ ሲሄድ ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህ ከረሃብ የተረፈው ሰው ታፍኖ ይሞታል። ኩፐር ልጆቹን ትቶ የሚሄድበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህ ምክንያት ከወደቀ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም የቆመበት እግር ይወድቃል።

እስቲ አብረን እናስላ። ከባድ አይደለም። በምድር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወደ 1.2 ሚሊዮን ቢሊዮን ቶን ይመዝናል። ኦክስጅን የሚያልቀው ደግሞ የሚቃጠል ነገር ሲኖር ነው። እሳት እንጨት እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ትንፋሽም ምግብ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ካርቦንን ከኦክስጅን የማገናኘት ሥራ ናቸው። አሁን የምድርን ዛፍ፣ ሣር፣ እንስሳ፣ ሰው፣ ባክቴሪያ ሁሉ አንድ ላይ ከምራችሁ ክብሪት ጫሩበት እንበል። በ2018 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በሕያዋን ሁሉ ውስጥ ያለውን ካርቦን ወደ 550 ቢሊዮን ቶን ገምቶታል። አንድ ቶን ካርቦን ሲቃጠል 2.67 ቶን ገደማ ኦክስጅን ይወስዳል፤ 32ን ለ12 አካፍሉት፣ የኬሚስትሪ መምህራችሁ ይመሰክራሉ። ስታባዙት ወደ 1,470 ቢሊዮን ቶን ይመጣል። ይህን ለ1.2 ሚሊዮን ቢሊዮን አካፍሉት። መልሱ ከአንድ ሺህ አንድ ያህል ነው! በምድር ላይ አንድም ሕያው ነገር ሳይቀር ቢቃጠል፣ ከአየራችን የኦክስጅን ድርሻው ከ20.95 በመቶ ወደ 20.92 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በቃ።

በመካነ ሰላም፣ በዚያ በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ስሌት በሳንባችሁ ታውቁታላችሁ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በሩብ! ሕፃናቱ ግን ኳስ ይራገጣሉ፣ እናቶች እንስራ አዝለው ዳገት ይወጣሉ፣ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ማሳው ይሄዳል። ፊልሙ በአንድ ሺህኛ ጉድለት የዓለምን ሕዝብ ሊያፍን ነው።

«በሽታው ካርቦን ሳይሆን ናይትሮጅኑን ራሱን ቢበላስ?» የምትል ጎበዝ ልጅ ትኖራለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የባቄላን ሥር ነቅላችሁ ብታዩ እንደ ዶቃ የተደረደሩት እባጮች የእነሱ ቤት ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ከናይትሮጅን ጉልበት አያገኙም፤ ለናይትሮጅን ጉልበት ይከፍላሉ። ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በሦስት ማሰሪያ የተያዙ ስለሆኑ መለያየቱ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ባቄላዋም ለዚህ አገልግሎት ስኳር ትመግባቸዋለች። የአየር ናይትሮጅንን እንደ ነዳጅ አንድዶ የሚኖር ፍጡር እስካሁን አልታወቀም። ቶርን ራሱ ስለ ፊልሙ ሳይንስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ በሽታው ከባዮሎጂ ባለሙያዎች ጋር እራት ላይ መወያየቱን፣ እነሱም እንዲህ ያለ ነገር የመከሰት ዕድሉ እጅግ ጠባብ እንደሆነ እንደነገሩት ይገልጻል። ለብላክ ሆሉ የዓመታት ስሌት፣ ለበሽታው አንድ እራት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ፤ ምክንያቱም ስሌቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስቄ አልፈው ነበር።

የሰብል በሽታ ለእኛ አገር ልብ ወለድ አይደለም። የራሱ ስም አለው፦ ዋግ። አያቶቻችን «ዋግ መታው» ሲሉ የአንድ ቤተሰብን ዓመት በሁለት ቃል እየተናገሩ ነው። የስንዴ ዋግ ፈንገስ ነው፤ የግንድ ዋግ፣ ቢጫ ዋግና የቅጠል ዋግ ተብሎ ይለያል። ዘሩ ከዱቄት የላመ ስለሆነ ነፋስ ተራራና ድንበር አሻግሮ ይወስደዋል። ከኡጋንዳ በተገኘ ናሙና «ዩጂ 99» የሚል ስም የተሰጠው የግንድ ዋግ ዓይነት በ2003 ኢትዮጵያ ገባ። በ2010 ደግሞ ቢጫ ዋግ አገሪቱን አዳረሰ። ያን ጊዜ «ዲገሉ» የተባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግንም ዩጂ 99ንም ስለተቋቋመ ገበሬው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ግን በ2013 መጨረሻ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ተነሣ። ዲገሉ ለግንድ ዋግ የነበረው መከላከያ በአብዛኛው በአንድ ዘረመል ላይ የቆመ ነበርና አዲሱ ዓይነት ያንን አንድ በር ሰብሮ ገባ። አንዳንድ ማሳዎች ላይ የሚታጨድ ነገር አልቀረም።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። ኢንተርስቴላር ሲኒማ የገባው ይህ በሆነ በዓመቱ ነው። ዓለም ስለ ምናባዊ የሰብል በሽታ እያለቀሰ ፋንዲሻ ሲበላ፣ እውነተኛው በሽታ የሰው ስንዴ በልቶ ገና መጨረሱ ነበር። ይህን ኖላን ማወቅ ነበረበት አልልም። የምለው እውነተኛው ታሪክ ከእሱ ታሪክ ይበልጥ አስደናቂ ነው። ዋግ ሁሉንም ሰብል አይበላም፤ የስንዴ ግንድ ዋግ ስንዴንና የቅርብ ዘመዶቹን እንጂ ባሚያን ዞር ብሎም አያይም። በ1845 አየርላንድ ውስጥ ድንቹን ያነደደው በሽታ አጠገቡ ያለውን አጃ አልነካም። በሽታ ቁልፍ ነው፣ ሰብል ደግሞ ጓጉንቸር። አደጋ የሚመጣው ሁሉም በር አንድ ዓይነት ጓጉንቸር ሲኖረው ነው።

ፊልሙ ውስጥ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋውን በቆሎ አስታወሳችሁት? ኖላን ለቀረፃው ብሎ ካናዳ ውስጥ 500 ኤከር አስዘርቷል፤ 200 ሄክታር ገደማ፣ በእኛ ልኬት ወደ 800 ጥማድ። በኋላም ሸጦ አተረፈበት አሉ። ፊልሙ ያንን ማሳ የመጨረሻ ተስፋ አድርጎ ያሳየናል። እኔ ሳየው ግን የታየኝ የበሽታው ምክንያት ነው። አንድ ሰብል፣ አንድ ዝርያ፣ እስከ አድማስ! በመላው ፊልም አንድም ሰው «ሌላ ዘር የለም ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አንድም የዕፅዋት ሐኪም የለም። አንድም ዝርያ አዳቃይ የለም። ናሳ ተደብቆ ሮኬት ይሠራል፤ ግብርና ምርምር የት ሄደ?

ከዓባይ ቆላ ማሽላ ተነሥታችሁ ወደ ቦረና ደጋ ገብስ ስትወጡ በአንድ ቀን መንገድ የምታዩትን አስቡ። ማሽላው ብቻውን ስንት ዓይነት ነው? ገብሱ ለቆሎ የሚሆን አለው፣ ለበሶ፣ ለጠላ፣ ክረምት ሳይወጣ ቶሎ የሚደርስ አለው። ትግራይ ውስጥ ስንዴና ገብስ ቀላቅለው ይዘሩና ሓንፈጽ ይሉታል፤ አንዱን ዋግ ቢመታው ሌላው ይቀራል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 አገራችንን በበቅሎ የዞረው ለዚህ ብዝኃነት ብሎ ነው።

ውጤቱን ደግሞ ስሙ። በ1930ዎቹ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ ከወሰዱት የገብስ ዘር ውስጥ፣ ቅጠል ላይ እንደ አመድ የሚነሰነሰውን በሽታ የሚከላከል የዘረመል ለውጥ ተገኘ። ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ ከአርባ ዓመት በላይ በሽታው አልሰበረውም፤ በዚህ ዘርፍ እንዲህ ያለ ዕድሜ ብርቅ ነው። ገብስን የሚያቀጭጨውን የቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚቋቋም ዘረመልም እንዲሁ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ ካሊፎርኒያ ዘልቋል። እነዚህን ጓጉንቸሮች የሠራቸው ማነው? ተፈጥሮ፣ አዎ። ነገር ግን በየዓመቱ ከአውድማው መርጦ፣ በጎተራ ለይቶ፣ ተርቦ እንኳ ዘሩን ሳይበላ ያቆየው ገበሬ ነው። ወሎን ዓለም የሚያውቀው በረሃብ ምስል ነው፤ ያንኑ ወሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቹ ከሸዋ ጋር አድርገው የአገር በቀል ዘር በገበሬው ማሳ ላይ የሚጠበቅበት ቦታ አድርገውታል። መላኩ የመሩት፣ በ1976 አዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ ዛሬም አለ። በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ሆሊውድ ይህንን ፊልም ቢሠራው ኖሮ እኔ ሰልፍ ይዤ ነበር የማየው።

ስለ አቧራውም አንድ ነገር ልበል። ፊልሙ ሲጀምር ስለ አቧራ የሚናገሩ አዛውንቶች አሉ። አንዷ ተዋናይ ናት፤ ሌሎቹ ግን እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ኬን በርንስ በ1930ዎቹ አሜሪካን ስለመታው የአቧራ ማዕበል ከሠራው ዘጋቢ ፊልም ነው የተወሰዱት። ኖላን ምስክርነታቸውን ተውሶ የታሪካቸውን መጨረሻ ቆርጦ ጣለው። ያ አቧራ የተነሣው ሣሩ ተገልብጦ ያለ ጥንቃቄ በመታረሱ ነው፤ የበረደው ደግሞ ዝናብ ሲመለስ ብቻ ሳይሆን ሰዎች አስተራረሳቸውን ሲለውጡም ነው። ሂዩ ቤኔት የሚባል የአፈር ሊቅ ወትውቶ በኤፕሪል 1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ዛፍ ተተከለ፣ ዳገት በአግድም ታረሰ። ማንም ወደ ሳተርን አልሄደም።

እኛም ይህን እናውቃለን። ደቡብ ወሎ ውስጥ ማይባር በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ዝናብ ስንት አፈር እንደሚወስድ መለካት ተጀመረ። ጥናቱን የመሩት ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በየዓመቱ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ውፍረቱ ሲታይ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብተራችሁ ጥቂት ቢቀጥን ነው። አንድ ትውልድ ሲቆጠር ግን አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እርከን የሚሠራው ለዚህ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ እርከን መሥራት ሮኬት እንደማስወንጨፍ አያምርም፤ ሒሳቡ ግን አለው፦ የዳገቱ ቁልቁለት፣ የዝናቡ ጉልበት፣ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ርቀት።

«ፊልም ነው እኮ፣ ምን አካበድከው!» ትሉኝ ይሆናል። ስለ ጄዳይና ስለ ብርሃን ሰይፍ የሚያወራ ፊልም ቢሆን አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር። ፍቅር ጊዜንና ቦታን ይሻገራል የሚለውንም ንግግር ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ይህኛው ግን በኖቤል ተሸላሚ ማኅተም የመጣ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ የሚያሳዩት፣ ከናንተ ስንቱን «ሳይንቲስት እሆናለሁ» ያሰኘ ፊልም ነው። ስለዚህ ሳይንቲስት ማለት ማን እንደሆነ ሲነግራችሁ ትሰሙታላችሁ።

ምን ይላል? ወደ ቶም ልመለስ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለኩፐር ልጅህ ጎበዝ ገበሬ ይወጣዋል ሲሉት፣ ካሜራው የኩፐርን ፊት ያሳየናል፤ እንደተሰደበ ሰው ነው። እኛም አብረነው እንሰደባለን። ስንቶቻችሁ ናችሁ «ካልተማርክ እዚሁ ስታርስ ትቀራለህ» እየተባላችሁ ያደጋችሁት? ፊልሙ ያንኑ ነው በሚያምር ምስል የሚደግመው፦ ጎበዙ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፣ የቀረው አጎንብሶ አፈር ያያል። ቶም ያድጋል፣ ልጅ ይሞትበታል፣ ማሳውን አልለቅም ይላል፤ ፊልሙ ግትር ደንቆሮ ያደርገዋል። ከዚያ እህቱ፣ የፊዚክስ ሊቋ፣ የእኛ ጀግና፣ እሱን ከቤት ለማራቅ ብላ በቆሎውን በእሳት ትለቅበታለች።

እዚህ ጋ ነው ወንበሬ ላይ መቀመጥ ያቃተኝ። በረሃብ በሚያልቅ ዓለም ውስጥ፣ የመጨረሻው ሰብል፣ ሊታጨድ የደረሰ፣ በሳይንቲስት እጅ ይቃጠላል፤ ሙዚቃው ደግሞ በርቺ ይላታል። ከሞላ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ እህሉን!» አላለም። መካነ ሰላም ውስጥ አንዲት እናት ይህን ትዕይንት ብታየው ስለ ብላክ ሆሉ የምትጠይቅ አይመስለኝም።

ፊዚክስ የምትወዱትን ፊዚክስ ተዉ እያልኳችሁ አይደለም። ዛሬ የዋግ ዘር ከየትኛው ማሳ ተነሥቶ በነፋስ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የሚናገረው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያለ ፊዚክስ አይሠራም፤ የአገራችን የግብርና ተመራማሪዎች ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የሚቲዮሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር እያሰሉ ለገበሬው መልእክት ያደርሳሉ። ብላክ ሆሉን የሣለው ዓይነት ሒሳብ ነው፤ ብርሃንን ሳይሆን ብናኝን ይከተላል።

በፊልሙ መጨረሻ ኩፐር የሚነቃው በሳተርን ዙሪያ በሚዞር ግዙፍ ከተማ ውስጥ ነው። ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፤ ቀና ሲል ማሳው እንደ ጣሪያ ከላይ ተጠማዞ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የድሮ ቤቱን ሙዚየም አድርገውታል። ሰዎቹ ወፍረዋል፣ ይስቃሉ፣ እየበሉ ነው። ያንን ዘር በሽታው ሳይደርስበት ማን እንደለየው፣ በየትኛው ጎተራ እንዳቆየው፣ ከየትኛው ደጋ እንደመጣ የምትናገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ጠበቅሁ። ጽሑፉ መውረድ ጀመረ፣ መብራት በራ።